ጋኑ በዝግታ እስኪቀዘቅዝ

በአሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ ሦስተኛ ቀን

የእናቷን እጅ ለወረሰች፣ በትምህርቷ ብልህ፣ በሥራዋ ትጉህ፣ በዝምታዋ ሳይቀር ጨዋ ለሆነች፣ በደጋው በዳላት ከተማ በአበባ እርሻዎች መካከል ለምትኖር ለተከበረች ልጄ ለኩየን፦ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር ከአንቺ ይልቅ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ከአንቺ የፈጠነ ስሌት የሚሠራ፣ የተጠየቀውን ብቻ መልሶ ዝም ማለትንም እንደ አንቺ የሚያውቅ ተማሪ አለማየቴን፣ ይህንንም ሊነገር በሚገባው ጊዜ አለመናገሬን፣ ዘግይቼም ቢሆን በዚህ ደብተር መግቢያ ላይ በክብር አሰፍራለሁ።

ይህ ደብዳቤ አይደለም። በሄድሽ ሰሞን ከሰው በሰማሁት አድራሻ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌልሽ ሁለቱም ሳይከፈቱ ተመልሰዋል፤ ሦስተኛ መጻፍ ለአንድ ሽማግሌ መምህር የሚገባ አልመሰለኝም። ለራሴ የምይዘው ማስታወሻ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰው ለራሱ ብቻ ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሩ ይልከሰከሳልና፣ አንቺ እንደምታነቢው አድርጌ እጽፋለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ትናንት ፖስተኛው ቲን ብስክሌቱን ከአጥራችን አስደግፎ፣ ከዝናብ ካፖርቱ ላይ ውሃውን እያራገፈ፣

«የኔታ፣ ዘንድሮ የዳላቱ እሽግ የለም እንዴ?» አለኝ።

«የምን እሽግ?»

«አይ፣ ምንም። ሌላ ቤት መስሎኝ ነው።»

«ቲን፣ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

ጆሮውን ዳሰሰ። «አሁንም ቀላ?»

«እንደ በርበሬ።»

እንዲህ ሆኖ ተናዘዘ። እናትሽ ትዋ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየዓመቱ ከአዲስ ዓመት በፊት ከጋኗ ውስጥ በክር ላይ እንደ ፈርጥ የረጋ ድንጋይ ስኳር አንድ ክር መርጣ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ በብስኩት ቆርቆሮ አሽጋ ለእሱ ትሰጠው ነበር፤ እሱም ወደ አንቺ ይልከው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። እኔ በዚያው ጣራ ሥር ተቀምጬ፣ በዚያው ማድቤት የተቀቀለ ሩዝ እየበላሁ፣ አንድም ቀን አላወቅሁም።

በመጪው ጨረቃ በሃያኛው ቀን እናትሽ ከሞተች ዓመት ይሞላታል። በመታሰቢያዋ ዕለት ለሙታን በምናቆመው መሠዊያ ላይ ከገበያ የመጣ ስኳር ሊቀመጥ አይገባም። የዳላቱ ክርም ሊቋረጥ አይገባም። ክሩ ከደረሰሽ ምናልባት ለመታሰቢያው ትመጪ ይሆናል። ስለዚህ እኔው እሠራዋለሁ።


አምስተኛ ቀን

ሃምሳ ዓመት የስኳር ሠሪ ባል ሆኜ ስኖር ጋኑ ያለበትን ክፍል ደፍ የረገጥሁት ከአሥር ጊዜ አይበልጥም፤ ስለዚህ ነገሩን ከፊደሉ መጀመር አለብኝ ብዬ ዛሬ ማድቤት ገባሁ። በአንድ ጽዋ ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ ላይ ስኳር በማንኪያ እየጨመርሁ አማሰልሁ። ውሃው እስከ ልኩ ዋጠ፤ ከልኩ ያለፈውን ግን ከሥሩ አስተኛው፤ ባማስለውም አልተቀበለኝም። ያንኑ ጽዋ በእሳት ላይ ሳደርገው ግን ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር እምቢ ያለውን ሁሉ ተቀበለ፤ ሊፈላ ሲቃረብማ በብርዱ ከያዘው እጥፍ የሚበልጥ ስኳር ተሸክሞ፣ ምንም እንዳልተጨመረበት ሁሉ እንደ ምንጭ ጠርቶ ታየኝ። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፦ ውሃ በሙቀቱ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ይወስዳል፤ ሲቀዘቅዝም የወሰደውን ይመልሳል። በችኮላ የቀዘቀዘ እንደሆነ እንደ አሸዋ ይበትነዋል፤ ቀስ ብሎ፣ ቀን በቀን፣ ማንም ሳይነካው የቀዘቀዘ እንደሆነ ግን ፈርጥ በፈርጥ ላይ እየደረደረ በተንጠለጠለለት ክር ላይ ያስቀምጠዋል።

ጎረቤታችን እመት ሃኝ፣ ያችን አፍ የምታቀላ ቅጠሏን እያኘከች፣ በበሩ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣

«የኔታ ሻይ እየጠጡ ነው ወይስ ትምህርት ቤት ከፈቱ?» አለች።

ነገርኋት። ሳቀች። እሷ የተወለደችው በባሕር ዳር የጨው እርሻ ባለበት በሳ ሁይን ነው።

«ጨው እንዲህ አይቅበጠበጥም። ውሃው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም የሚይዘው ጨው ያው ነው፣ ለዓይን እንኳ አይለይም። ፀሐይዋ ውሃውን ጠጥታ ስትጨርስ ቁጭ ይላል። ስኳር ግን የቅምጥል ልጅ ነው፤ ሲሞቀው ይጠፋል፣ ሲበርደው ቤቱ ይመለሳል።»

«መልካም ምሳሌ ነው፣ እመት ሃኝ።»

«ምሳሌ አይደለም፤ ልጄን ማለቴ ነው።»


ስድስተኛ ቀን

ከንጋት ጀምሮ እሳት። እመት ሃኝ ረዳችኝ። የእንቁላል ነጭ በፈላው ላይ ጨመርን፤ አረፋው ቆሻሻውን ሁሉ ሰብስቦ ወጣ፤ ገፈፍነው። እጄ ተቃጠለ። ቀላል ነው። የቀርከሃው ቀለበት ከነአሥራ ሁለት ክሩ ወደ ጋኑ ወረደ። ፈሳሹን ገለበጥን። ክዳን። ጋኑን ዙሪያውን እስከ አንገቱ በሩዝ ገለባ ቀበርነው፤ ገለባው ሙቀቱን እንዲይዝ።

«አሥር ቀን» አለች፤ «አሥር ቀን ማንም አይነካውም። በሉ አሁን ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ።»

«የራሴን ክፍል ቁልፍ? ለምን?»

«ልማድ ነው። ስኳር የምትሠራ ሴት ጋኗን ስትዘጋ ቁልፏን ለጎረቤት ታስቀምጣለች።»

«እኔ ሴትም አይደለሁም፤ ራሱን መግዛት የሚያውቅ የተማረ ሰው ነኝ።»

«እሺ የኔታ። የተማረ ሰው ቁልፉን ይያዝ።»


ስምንተኛ ቀን

ክሮቹ ቀጥ ብለው መንጠልጠላቸውን ለማረጋገጥ ክዳኑን ለአፍታ አነሣሁ። ጥንቃቄ ነው። ቀጥ ብለዋል።


ዘጠነኛ ቀን

ዝናብ። ሰው አልመጣም። ክዳኑን አንድ ጊዜ። እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ፤ የሰው ትንፋሽ ያህል ሙቅ ነው።


አሥራ አንደኛ ቀን

ዝናቡ አምስተኛ ቀኑን ያዘ፤ ወንዙ ከሸንኮራ አገዳው እርሻ ሥር ደርሶ ቀይ ውሃውን ያሳየናል፤ የሰሜኑም ነፋስ ከባሕሩ ተነሥቶ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ፣ የሚፈልገው ሰው ያለ ይመስል ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል። ዛሬ ምሳዬን ሳቀርብ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አወጣሁ። አንደኛውን ወዲያው መመለስ ሲገባኝ፣ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ሩዝ ጨምሬበት፣ ከትንንሾቹ የወንዝ ዓሦችም ሁለት አድርጌበት፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተውሁት። በኋላ ለእመት ሃኝ ዳክዬዎች ሰጠሁት፤ ምግብ ማባከን ነውር ነውና።

ከምሳ በኋላ ወደ ጋኑ ክፍል ገባሁ። በዚህ ቤት ውስጥ ሙቀት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። ይህንን የምለው ስለ አየሩ ጠባይ ለመመዝገብ ነው። ክዳኑን ገለጥ አድርጌ በፋኖስ ባየሁ ጊዜ በክሮቹ ላይ እንደ ዓሣ እንቁላል ያሉ ደቃቅ ብልጭታዎች ተሰልፈው አገኘሁ፤ ልቤ እንደ ሕፃን ልብ ዘለለ። በወጣትነቴ የያዝኋቸውን ጥቂት ስንኞች ጮክ ብዬ አነበነብሁ። ለማንም አልነበረም። ድምፅ ከብዙ ዝምታ በኋላ ይዝጋልና፣ ጉሮሮዬን ለማደስ ነው።


አሥራ ሦስተኛ ቀን

ዛሬም ክዳኑን፤ ጥቂት ጊዜ።


አሥራ ስድስተኛ ቀን

አሥሩ ቀን ሞላ። ከፈትን።

አሸዋ ነው። ከጋኑ ሥር እንደ እርጥብ አሸዋ የተቆለለ፣ በክሮቹም ላይ እንደ ሻካራ አቧራ የተለጠፈ። ከአሥራ ሁለቱ ክር አንድ ስንኳ ፈርጥ የሚባል የያዘ የለም። እመት ሃኝ ቆንጥራ ቀመሰች።

«ለሻይ ይሆናል» አለች።

የሰሜኑ ነፋስ ነው። ስኳሩም የታመነ አልነበረም።


አሥራ ሰባተኛ ቀን

ሌሊቱን ሳሰላስል ሌላ ምክንያት ተገለጠልኝ። እመት ሃኝ ጧት ጧት ሩዝ ትወቅጣለች፤ ሙቀጫዋ ያለው ከጋኑ ክፍል ግድግዳ ማዶ ነው፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠ ጋን ደግሞ ፈርጥ አያፈራም። ይህንን በጨዋ ቃል ላስረዳት ሄድሁ።

«ሙቀጫዬ?» አለች። «ሙቀጫዬ ሃምሳ ዓመት ከዚያ ግድግዳ ጋር ኖሯል። ትዋ ስኳሯን የእንቁላል ያህል እያደረገች ስታወጣ ሙቀጫዬ ይተኛ ነበር?»

«እኔ እውነታውን ብቻ ነው የምመረምረው።»

«እንግዲያው ይመርምሩ፤ እኔ ሩዝ ልውቀጥ። ዳክዬዎቼን መጠርጠርዎን ግን እንዳይረሱ፤ እነሱም ሲሄዱ ይረግጣሉ።»

ልቤ ቆሰለ። ሰው ሁሉ ከእኔ የሚርቀው ነገርን መመርመር ስለምወድ ይመስለኛል። ስለ አንቺም፣ ስለዚያ አንድ ደብዳቤ፣ ማንም አባት የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። ደብዳቤውን የጻፈልሽን ልጅ አላውቀውም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ።


ሃያኛ ቀን

ሁለተኛው ጋን። እመት ሃኝ ብትቀየመኝም መጣች፤ አረፋውን ገፈፈች። ስትወጣ እጇን ዘረጋች፤ ለቁልፉ። «ክዳኑን አልነካም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አልኋት። እጇን መለሰች።


ሃያ ሁለተኛ ቀን

ክዳኑን አልነካሁም።


ሃያ ሦስተኛ ቀን

ክዳኑን አልነካሁም፤ ቃል ቃል ነው። ይሁን እንጂ ጋኑ ሙቀቱን መጠበቅ አለመጠበቁን ማወቅ የሠራተኛ ግዴታ ስለሆነ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ገለባ በእጄ ገለል አድርጌ መዳፌን በጋኑ ሆድ ላይ አሳረፍሁ። ይሞቃል። ሌሎች ግዴታዎች ስላልነበሩኝ ጥቂት ቆየሁ። ገለባውን መልሼዋለሁ።


ሃያ አምስተኛ ቀን

እመት ሃኝ ከትዋ መቃብር ላይ ሣር ለመንቀል ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። መንገዱ ጭቃ ነው። ፈገግ እያለች አየችኝ።

«የኔታ፣ ጺምዎ ላይ ገለባ አለ።»

«ነፋሱ ያመጣው ይሆናል።»

«ጆሮዎም ላይ አለ። ነፋሱ ጆሮዎን ከጋኑ ጋር ያጣብቃል እንዴ?»

ከመቃብሩ ላይ ሣሩን ስንነቅል ብዙ ቆየን፤ እሷም አልደገመችውም።

እውነት ነው፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር። ፈርጥ ሲያድግ ድምፅ ይኖረው እንደሆነ ለማወቅ። የለውም።


ሃያ ስምንተኛ ቀን

ቲን አልፎ ሄደ፤ አልቆመም። ዝናብ። ገለባ። መዳፍ።


ሠላሳኛ ቀን

ተከፈተ። ከግድግዳው በኩል የተንጠለጠሉት አራቱ ክሮች የሚያምር ነገር ይዘዋል፤ ትንሽ ቢሆንም ፈርጥ ነው፤ ብርሃን ያስገባል። ከመስኮቱ በኩል የነበሩት ስምንቱ ግን ዳግመኛ አሸዋ። በዚያ በኩል ጋኑ ስንጥቅ ሳይኖረው አይቀርም ብዬ በጣቴ እየፈለግሁ ሳለ፣ እመት ሃኝ በገለባው ላይ ተንበርክካ የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ በጉድጓዱም ውስጥ የመቀመጫ ምንጣፌን አየች። ከዚያም፣ እኔ የጠበቅሁትን ሳቅ ሳትስቅ፣ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«የኔታ፣ ትዋም እንዲሁ ነበረች» አለችኝ።

«እንዴት እንዲሁ?»

«መክፈት ያምራት ነበር። መጀመሪያ እንደተጋባችሁ ሦስት ጋን አበላሸች፤ ቀን ከሌት እየከፈተች። ማን አለኝ፣ የማነጋግረው ጋኑን ብቻ ነው ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ቁልፏን ለእኔ መስጠት የጀመረችው። ቁልፉን ስትሰጠኝ ታውቃለህ፣ ይቅርታ የኔታ፣ ያውቃሉ ምን ትለኝ ነበር? ብለምንሽም አትስጪኝ።»

«ሃምሳ ዓመት እኔ እዚሁ ቤት ውስጥ ነበርሁ» አልኋት።

«አዎ» አለች እመት ሃኝ። «እርስዎ ያነቡ ነበር።»


በአሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ ሁለተኛ ቀን

ዝናቡ አቆመ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ነው።

ስለዚያ ደብዳቤ ከዚህ በላይ በጻፍሁት ቦታ ያልጻፍሁት አለ፤ የተጓደለ መዝገብ ደግሞ መዝገብ አይባልም። ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ገበያ ሄደሽ ሳለ የዚያ ልጅ ደብዳቤ መጣ፤ የማንቆርቆሪያውን አፍ ወደ ፖስታው አዙሬ፣ ሙጫው በእንፋሎቱ እስኪላላ ድረስ ጠብቄ፣ ሳይቀደድ ከፈትሁት። መልሼ ልለጥፈው እችል ነበር። አልለጠፍሁትም። በዚያ ማታ አጎትሽና ሁለት መምህራን ባልደረቦቼ በገበታው ዙሪያ በተቀመጡበት፣ አንቺም የሾርባውን ድስት ይዘሽ በገባሽበት ቅጽበት፣ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ እያነበብሁ ነበር፤ የልጁን የፊደል ግድፈት አንድ በአንድ እያረምሁ። ድምፄ የጠራ ነበር። ሳቁ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። አንቺ ድስቱን በቀስታ አስቀመጥሽ። በቀስታ ማስቀመጥሽን ያን ጊዜ የጨዋነት ምልክት አድርጌ ወስጄው ነበር።

በማግሥቱ አልነበርሽም። ግድፈቶቹ ስድስት ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ሁሉንም አስታውሳቸዋለሁ። ደብዳቤው ምን ይል እንደነበር ግን፣ ኩየን፣ ባስታውስ ባስታውስ አንዲት መስመር ብቻ ቀርታልኛለች፦ እናትሽ ጋኑን ስትከፍት አብሬያችሁ ማየት እፈልጋለሁ ይል ነበር።


አራተኛ ቀን

ቲንን መንገድ ላይ ጠብቄ አገኘሁት።

«አድራሻዋን ስጠኝ።»

«አልችልም የኔታ። እማማ ትዋ ቃል አስገብታኛለች፤ ኩየንም ብትሆን ለእርስዎ እንዳይነገር ብላ ነው የሰጠችኝ።»

«እንግዲያው ልጄ ደህና ናት? ይህንንስ ማለት ይፈቀድልሃል?»

አሰበ። ጆሮው አልቀላም። «ደህና ናት። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ስለ ስኳሩ ማመስገኛ የጻፈችው ትንሿ ናት፤ እማማ ትዋ ማንበቢያ መነጽሯ ሲጠፋባት እኔ አነብላት ነበር።»

«የፊደል ግድፈት ነበረው?»

ይህንን ለምን ጠየቅሁ? ከአንደበቴ ወጣ። ቲን ግን ሳቀ።

«ሞልቶት! ስኳር የሚለውን እንኳ በትክክል አልጻፈችም። እማማ ትዋ ያንን ወረቀት በመቀነቷ ቋጥራ ነው የያዘችው።»

አብሯት ተቀብሮ ይሆናል። ልጠይቅ አልደፈርሁም።

«እሽጉን ከሰጡኝ» አለ ብስክሌቱን እየረገጠ፣ «ምን እንዳለበት አልጠይቅዎትም፤ አደርሰዋለሁ።»


ስድስተኛ ቀን

ሦስተኛው ጋን። ንጋት ላይ ተነሥቼ ምድጃውን ያቀጣጠልሁት ለብቻዬ ነው፤ እመት ሃኝ ስትመጣ ውሃው እየፈላ ነበር። የልጅ ልጅ እንዳለኝ ነገርኋት።

«አውቃለሁ» አለች።

«አንቺም?»

«መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ የኔታ። እርስዎ እንዳይሰሙ ስንጠነቀቅ እኮ አንገታችን ተጣመመ።»

ስኳሩን ጨምሬ አማሰልሁ። ስኳሩ ጠፋ። ውሃው የያዘው መሆኑን ዓይኔ ባያይም አውቃለሁ፤ በማንኪያው ጫፍ አንሥቼ ባፈስሰው እንደ ክር እየተሳበ ወረደ። አረፋውን ራሴ ገፈፍሁ። አዲስ ክር አሰርሁ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ቀይ አደረግሁት፣ የዳላቱ ክር የትኛው እንደሆነ እንዲታወቅ። ገለባውን ከመስኮቱ በኩል እጥፍ አደረግሁ፤ መስኮቱን በጭቃ መረግሁት። ምንጣፌን አወጣሁ። ክፍሉን ቆለፍሁ።

ቁልፉን ለእመት ሃኝ ዘረጋሁላት። አየችው፤ አልወሰደችውም።

«ለእኔ ቢሰጡኝ ይለምኑኛል» አለች፤ «እኔም እሰጥዎታለሁ። ለትዋ እምቢ ማለት እችል ነበር። ለእርስዎ ግን ዘንድሮ አልችልም፤ ያሳዝኑኛል።»

የተናገረችው እውነት ነበር። ምን ያህል እውነት እንደነበር ያወቅሁት ግን ወደ መኖሪያ ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ ስቀመጥ ነው። ከጋኑ ክፍል እስከ ወንበሬ አሥራ አራት እርምጃ ነው። እስኪመሽ ድረስ ሰባቱን ሁለት ጊዜ ተራምጄ ተመለስሁ።


ሰባተኛ ቀን

ጧት ነው። ቲን ከአጥሩ ውጭ እየጠበቀኝ ነውና ማሳጠር አለብኝ፤ ይህም ለእኔ ከባድ ነው።

ጋኑ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ውስጥ አለ፤ እየቀዘቀዘ ነው። በክሮቹ ላይ አሁን ምን እንዳለ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ አንድን ነገር ሳላውቅ መቆየት እየተማርሁ ነው፤ መጥፎ ተማሪ ነኝ፤ አንቺ ብትሆኚ በአንድ ቀን ትይዥው ነበር። እመት ሃኝ እንደምትለው ጋኑ ከአሥር ቀን በላይ ቢቆይ አይጎዳም፤ ያልተነካ እንደሆነ ፈርጡ ይብስ ያድጋል እንጂ። ስለዚህ ሳትደርሺ ቀኑ ቢያልፍም አይበላሽም፤ ዝግ ሆኖ ይቆይሻል። የመታሰቢያውን ምግብ እመት ሃኝ ትሠራለች። ትንሿን ብታመጫት የጻፈችውን አላርምም።

ይህንን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሁሉንም እንዳለ ልኬልሻለሁ፤ ምንም አልፋቅሁም። በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ የእናትሽ ቆርቆሮ። ዘንድሮ ስኳር የለበትም።

የጋኑ ክፍል ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ በደብተሩ ጀርባ በቀይ ክር አስሬዋለሁ። በሃያኛው ቀን ጧት ይዘሽው ነይና ጋኑን አንቺ ክፈቺው።